ባጠናሁ ቁጥር ውጤቴ ይወርዳል

ጤና ይስጥልኝ፣ የዓምዱ አዘጋጅ፤

29 ዓመቴ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። ቀን ቀን ሆስፒታል ውስጥ ታካሚ እመዘግባለሁ። ሕግ መማር የልጅነት ምኞቴ ነውና ለኤልሳት፣ ለሕግ ትምህርት ቤት መግቢያው ፈተና፣ መዘጋጀት ከጀመርኩ 14 ሳምንት ሆነኝ። የመጀመሪያው የልምምድ ፈተና 147 ነበር። በዘጠነኛው ሳምንት 158 ሳመጣ እናቴን አቅፌ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ግን ቁልቁል ነው፤ የመጨረሻዎቹ አራት 157፣ 155፣ 153፣ 152 ናቸው። የምፈልገው 160 ነው።

ውጤቱ ሲወርድ ጥናቱን ጨመርኩ። አሁን በሳምንት ወደ 20 ሰዓት አጠናለሁ። ሦስት ሙሉ ፈተና እሠራለሁ፤ ሁለቱን ከሥራ መልስ፣ አንዱን ቅዳሜ። በቀረው ጊዜ የማስተማሪያ ቪዲዮ አያለሁ። እስከ እኩለ ሌሊት ቆይቼ ጎህ ሳይቀድ እነሳለሁ፤ እንቅልፌ ቢበዛ አምስት ሰዓት ነው። አንድ ገጽ አንብቤ ስጨርስ ምን እንዳነበብኩ አላውቅም። ባለፈው ሳምንት መኪናዬን ጥግ አስይዤ ያለ ምክንያት አለቀስኩ። አሜሪካ የመጣሁት በ15 ዓመቴ ነው፤ «በእንግሊዝኛ አፋቸውን ከፈቱት ጋር የት እወዳደራለሁ?» እላለሁ።

እናቴ በሰው ፊት «የኔ ጠበቃ» ነው የምትለኝ። ዕድሩም ማኅበሩም ያውቃል፤ ባገኙኝ ቁጥር «ፈተናው ደረሰ?» ይሉኛል። አጎቴ ደግሞ «ሥራሽን አንድ ወር ተዪና ቁጭ ብለሽ አጥኚ» ይለኛል። ፈተናው ኦገስት መግቢያ ላይ፣ ፍልሰታ ሊገባ ሲል ነው፤ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። ልግፋበት? ላስተላልፈው? ወይስ ሥራዬን ልተው?

ሐ.፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

*

እኅቴ ሐ.፣

ከቁጥሮቹ ልጀምር፤ እንቅልፍ የነሱሽ እነሱ ናቸውና። ኤልሳት ከ120 እስከ 180 ባለው መለኪያ ነው የሚታረመው። የትኛውም ፈተና የመለካት ስሕተት አለው፤ በኤልሳት ላይ ወደ ላይም ወደ ታችም 3 ነጥብ ገደማ ነው። ፈተናውን የሚያወጣው ኤልሳክ ራሱ ውጤት ሲልክ ይህንን ክልል አብሮ ያስቀምጣል። ስለዚህ 158 ያመጣችውም 155 ያመጣችውም ያቺው አንቺ ነሽ። 153ና 152 ግን ከክልሉ ወጥተዋልና ምክንያታቸውን መፈለግ አለብን። ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ደብዳቤሽ ውስጥ ጽፈሽዋል። የአምስት ሰዓት እንቅልፍ፣ ቀኑን ሙሉ ሥራ፣ በላዩ ላይ በሳምንት ሦስት ፈተና። ቀን እየሠሩ በዘጠኝ ሳምንት ከ147 ወደ 158 መድረስ ትልቅ ነገር ነው። ያንን ያደረገ አእምሮ በአምስት ሳምንት አይደነዝዝም። ደክሞታል።

አሁን የሰዓት ሒሳብ እንሥራ። ፈተናው አራት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ 35 ደቂቃ ነው፤ ከሁለተኛው በኋላ የ10 ደቂቃ ዕረፍት አለ። ሁለት ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ሦስት ጊዜ ሲሆን በሳምንት ሰባት ሰዓት ተኩል። የቀረው ቪዲዮ ነው ብለሻል። ታዲያ የተሳሳትሽውን መለስ ብለሽ የምትመረምሪበት ሰዓት የቱ ነው? ደብዳቤሽ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሙሉ ፈተና ያለሽበትን ይነግርሻል እንጂ አያስተምርሽም። የሚያስተምረው ከፈተናው በኋላ የሚሠራው ክለሳ ነው። አንቺ በሳምንት ሦስት ጊዜ እየተለካሽ አንድም ጊዜ አልተማርሽም፤ በለካሽ ቁጥር ደግሞ ልብሽ ይሰበራል። የቀድሞ ፈተናዎችም ቁጥራቸው ውሱን ነው፤ አንዴ ደክመሽ የሠራሽው ፈተና ዳግመኛ አዲስ አይሆንልሽም።

በነገራችን ላይ፣ ቪዲዮዎቹ ከኦገስት 2024 በፊት የተሠሩ ከሆኑ «ሎጂክ ጌምስ» የሚባለውን ክፍል ያስተምሩ ይሆናል። ያ ክፍል ከዚያ ወር ጀምሮ ቀርቷል፤ አንድ ደቂቃም አታባክኚበት። ዛሬ የሚታረሙት ሁለት የሎጂካል ሪዝኒንግ (አጫጭር ክርክሮችን የሚመረምሩ) ክፍሎችና አንድ የንባብ ክፍል ናቸው። አራተኛው ከሁለቱ ዓይነት አንዱ ሆኖ የማይታረም ነው፤ የትኛው እንደሆነ ስለማይነገርሽ ሁሉንም እኩል ሥሪ።

ድካም ነጥብ የሚያስጥለው እንዴት እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ላሳይሽ። እንዲህ የሚል ክርክር ቀረበልሽ እንበል፦ «አልማዝ ሥጋ የምትበላው ጾም ባልሆነ ቀን ብቻ ነው። ዛሬ ጾም አይደለም። ስለዚህ አልማዝ ዛሬ ሥጋ ትበላለች።» ስሕተቱ ይታይሻል፤ ጾም አለመሆኑ ሥጋ ለመብላት የግድ ያስፈልጋል፣ ግን ብቻውን በቂ አይደለም። ሥጋ ላይኖር ይችላል፣ ላያምራትም ይችላል። ከምርጫዎቹ አንዱ «የግድ የሚያስፈልገውን ነገር በቂ አድርጎ ይወስዳል» ይላል። ሌላው «በቂ የሆነውን ነገር የግድ የሚያስፈልግ አድርጎ ይወስዳል» ይላል። ሁለቱም ያንኑ ቃላት ይዘዋል፤ ልክ የሆነው የመጀመሪያው ነው። ጠዋት፣ ጠግበሽ በተኛሽ ማግስት ልዩነቱን በ20 ሴኮንድ ትይዥዋለሽ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ የለመድሻቸውን ቃላት ዓይንሽ እንዳገኘ እጅሽ ይጫናል። ከዚያ «ይህንን አላውቀውም» ብለሽ ሌላ ቪዲዮ ትከፍቻለሽ፤ ታውቂው ነበር እኮ።

ስለ እንግሊዝኛው የጻፍሽው ልቤን ነክቶታል። ሁለት ቋንቋ መያዝ እዚህ ፈተና ላይ ሸክም ብቻ አይደለም። «አንለስ» የሚለው ቃል እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹን ራሳቸውን ያምታታል፤ አስተማሪዎችም «ኢፍ ኖት ብላችሁ ተኩት» ይሏቸዋል። አማርኛ ይህንን ከጥንት ጀምሮ አድርጎታል፤ «እሱ ካልመጣ እሷ አትመጣም» እንላለን። «አንለስ» ስታዪ በልብሽ «ካል...» ብለሽ አንብቢው፤ ሁኔታው የቱ፣ ውጤቱ የቱ እንደሆነ ወዲያው ይለይልሻል። «ኦንሊ ኢፍ» ሲገጥምሽም የእኛን «ብቻ» አስቢ፤ ከ«ብቻ» በፊት ያለው ነው የግድ የሚያስፈልገው፤ ከላይ «ጾም ባልሆነ ቀን ብቻ» እንዳልነው። መጠንቀቅ ያለብሽ «ሳም» ላይ ነው። እኛ «አንዳንድ ተማሪዎች መጡ» ስንል የቀሩም አሉ ማለታችን ነው። በኤልሳት ግን «ሳም» ማለት ቢያንስ አንድ ነው፤ ሁሉም ሊሆኑ ይችላሉ። «ሞስት»ም ከግማሽ በላይ ማለት ነው፤ ሁሉንም ሊያጠቃልል ይችላል።

የንባቡ ክፍል አራት ምንባብ አለው፤ አንዱ ሁለት አጫጭር ጽሑፎች ጎን ለጎን የሚነጻጸሩበት ነው። ለአንድ ምንባብ ከነጥያቄዎቹ የሚደርስሽ ስምንት ደቂቃ ከ45 ሴኮንድ ገደማ ነው። ገጹን ጨርሰሽ ምንም ካልያዝሽ፣ እያንዳንዱ አንቀጽ ሲያልቅ ለሁለት ሴኮንድ ቆም ብለሽ አንቀጹ ምን እንደሠራ በአማርኛ በአንድ ሐረግ ለራስሽ ንገሪ፦ «የድሮውን አስተያየት አቀረበ»፣ «ተቃወመው»፣ «ማስረጃ ጨመረ»፣ «ራሱም ልክ ያልሆነበትን አመነ»። ቃል በቃል አትተርጉሚ፤ ጊዜሽን ይበላዋል። የያዝሽው የደራሲውን አካሄድ ከሆነ ዝርዝሩን ጥያቄው ሲጠይቅሽ ተመልሰሽ ታገኚዋለሽ።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። የመጀመሪያው ሳምንት ዕረፍት ነው፤ ሙሉ ሰባት ቀን። ፈተና የለም፣ ቪዲዮ የለም፣ የኤልሳክ የልምምድ ድረ ገጽ ሎውሀብም አይከፈትም። «አምስት ሳምንት ብቻ ቀርቶኝ?» እንደምትይ አውቃለሁ። በዚህ ሁኔታ የምታጠኚው ሳምንት ግን የሚጨምርልሽ ነገር የለም፣ የሚቀንስብሽ ነው። ቡና ከምሳ በኋላ ይቅር፤ ማታ የሚፈላው ላይ ከእናትሽ ጋር ተቀመጪ፣ ስኒው ግን ይለፍሽ። የመተኛ ሰዓትሽን በየቀኑ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ቀደም እያደረግሽ ቢያንስ ሰባት ሰዓት እንቅልፍ ላይ ድረሺ። ከሳምንቱ ዕረፍት በኋላም እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ለቅሶው ካልተወሽ ወይም የምትወጂው ነገር ሁሉ ጣዕም ካጣብሽ ሐኪምሽን አነጋግሪ። ያኔ ነገሩ ከጥናት ዕቅድ በላይ ነው፤ ብቻሽን ልትሸከሚው አይገባም።

ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ በሳምንት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይበቃሻል። ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ በልተሽ አንድ ሙሉ ፈተና፣ በትክክለኛው ሰዓትና በ10 ደቂቃ ዕረፍቱ። እየሠራሽ ሳለ መቶ በመቶ ያላመንሽበትን ጥያቄ ሁሉ ምልክት አድርጊበት፤ ቁጥሩንም ወረቀት ላይ ጻፊ። ስትጨርሺ ውጤቱን አትዪ። ይህ የሚከብድሽ ይመስለኛል፣ ግን ዋናው ነገር እሱ ነው። እሑድ ከቅዳሴና ከምሳ በኋላ፣ አሁንም ውጤቱን ሳታዪ፣ ምልክት ያደረግሽባቸውን ያለ ሰዓት ገደብ እንደገና ሥሪ፤ የመረጥሽው ለምን ልክ እንደሆነ፣ የቀሩት አራቱም ለምን እንደወደቁ ለራስሽ ተናገሪ። ከዚያ በኋላ ነው መልሱ የሚታየው። ተማሪዎቹ ብላይንድ ሪቪው ይሉታል። የሚሰጥሽ ሁለት ውጤት ነው፤ አንዱ በሰዓት የሠራሽው፣ ሌላው በዕርጋታ የሠራሽው። በሰዓት 154፣ በዕርጋታ 165 ካገኘሽ እውቀቱ አለሽ፤ የጎደለሽ ፍጥነትና ዕረፍት ነው። ሁለቱም 154 ከሆኑ ግን ገና ያልገባሽ የጥያቄ ዓይነት አለ፤ እሱን ለይቶ መማር ነው።

አንድ ተራ ደብተር ይኑርሽ። ለሳትሽው ጥያቄ ሁሉ ሦስት መስመር በቂ ነው፦ የጥያቄው ዓይነት፣ ወደ ስሕተቱ የሳበሽ ምን እንደሆነ፣ ቀጣይ ጊዜ ምን እንደምታደርጊ። ለምሳሌ፦ «ታሳቢውን ፈልጊ የሚል። ሲ የተባለውን ምርጫ ከርዕሱ ጋር ስለተያያዘ ብቻ መረጥኩት። ሌላ ጊዜ ምርጫውን ወደ አሉታ ለውጬ አነባለሁ፤ ሲለወጥ ክርክሩ ካልወደቀ ያ ምርጫ ለክርክሩ የግድ አያስፈልግም።» «አላነበብኩትም» ወይም «ተቻኮልኩ» ብለሽ እንዳትጽፊ፤ ከዚያ የሚማሩት የለም። ምኑን እንዳላነበብሽ ጻፊ። ሁለት ሳምንት ስትሞዪው ያንኑ ሁለት ወይም ሦስት ስሕተት ደጋግመሽ ታገኚያለሽ። ብዙ ሰው ነጥብ የሚጨምረው እነዚያን ሲያርም ነው።

በሥራ ቀናት ሦስት ማታ ብቻ፣ ከአንድ ሰዓት ከሩብ ያልበለጠ። ሰኞ ከእሑድ የተረፈውን ክለሳ፣ ማክሰኞ አንድ የ35 ደቂቃ ክፍል ከነክለሳው፣ ሐሙስ ሁለት ምንባብ። ረቡዕና ዓርብ ማታ መጽሐፉም አይነካ። ሰዓቱ ሲሞላ ጥያቄ መሀል ላይ ብትሆኚም ዝጊው። ቀኑ ከባድ ሆኖ ሐሙስ ካመለጠሽ ወደ ዓርብ አታሻግሪው፤ አለፈ ብለሽ እርሺው። ዕቅድ የሚፈርሰው ዕዳ ሲጠራቀም ነው።

ሥራሽን አትተዪ። አጎትሽ ለአንቺ አስቦ ነው፣ ግን ደመወዝ የሌለበት ወር ሌላ ጭንቀት ይዞ ይመጣል። ነጻ የሆነው ሰዓትም ጥናት አይሆንም፤ አእምሮ ቀኑን ሙሉ እንዲህ ያለ ጥያቄ በደንብ አይሠራም። በምትኩ የፈተናውን ዕለትና ከፊቱ ያለውን ቀን ፈቃድ ጠይቂ። ገንዘቡ የሚከብድሽ ከሆነ ደግሞ ኤልሳክ በገቢ ላይ የተመሠረተ የክፍያ ምሕረት አለው፤ የፈተናውን ክፍያና የሎውሀብን የዓመት አገልግሎት ይሸፍናል። ብዙ ሠራተኛ «ለእኔ አይሆንም» ብሎ ሳይጠይቅ ያልፈዋል። አንቺ ጠይቂ።

ቀኑን ማስተላለፍ አለማስተላለፉን ዛሬ፣ በዚህ ድካም ላይ ሆነሽ አትወስኚ። ዛሬ የምታደርጊው ኤልሳክ ላይ ገብተሽ የቀን መቀየሪያው የመጨረሻ ቀን መቼ እንደሆነና ክፍያውን አይተሽ መጻፍ ብቻ ነው። ከዕረፍቱ ሳምንት በኋላ የሁለት ቅዳሜ ውጤት ያዢ። አማካዩ 157 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ኦገስት ላይ ተፈተኚ። ከ155 በታች ከሆነ ወደ ሴፕቴምበር ወይም ኦክቶበር አሻግሪው፤ መሸነፍ አይደለም። የሕግ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ መቀበል የሚጀምሩት ሴፕቴምበር ገደማ ነው፤ የኦክቶበር ውጤት ይዞ ያመለከተ አልዘገየም። መካከል ላይ ከሆነ ራስሽን ጠይቂ፦ ከፈተናው ክፍል ስወጣ «ደህና ሠርቻለሁ» ለማለት የሚበቃ ጉልበት አለኝ? የመጨረሻው ቀን ሁለተኛዋን ቅዳሜ የማይጠብቅሽ ከሆነ በመጀመሪያዋ ወስኚ። ካስተላለፍሽው ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 መሀል ላይ ይገባብሻል፤ ቅዳሴ የምትሄጂ ከሆነ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት የሥራ ቀን ጥናቱን ወደ አንድ ማታ አውርጂው። የፈተናው ዕለት ጾም ላይ ከዋለ ደግሞ ስለ መብሉ አስቀድመሽ የንስሐ አባትሽን አማክሪ፤ ጠዋቱ ላይ ስታወላውዪ አትገኚ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅሽ። 160ን ማን ነው ያለሽ? እያንዳንዱ በአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ዕውቅና ያለው የሕግ ትምህርት ቤት «509» የሚባል ሪፖርት በየዓመቱ ያወጣል። የገቡት ተማሪዎች የኤልሳት ውጤት መካከለኛው፣ ከሥርም ከላይም ሩቡ ስንት እንደሆነ እዚያ ላይ አለ። የሙሉ ቀኑና የትርፍ ሰዓቱ ተማሪዎች ለየብቻ ይቀመጣሉ። በአካባቢሽ ጆርጅታውንም የባልቲሞር ዩኒቨርሲቲም እየሠሩ የሚማሩበት የሕግ ፕሮግራም አላቸው። የምታስቢያቸውን አራት አምስት ትምህርት ቤቶች ቁጥር ወረቀት ላይ አውጪ። ምናልባት ለአንዱ 156 በቂ ይሆናል፤ ምናልባት ለሌላው 160ም የነጻ ትምህርት አያስገኝ ይሆናል። ሁለቱም ቢሆን ከጭፍን ቁጥር ጋር ከመታገል ይሻላል። ፈተናው ውጤት ለትምህርት ቤቶች በሚላክበት የጊዜ ገደብ ውስጥ እስከ አምስት ጊዜ፣ በዕድሜ ልክ ደግሞ እስከ ሰባት ጊዜ መወሰድ ይችላል፤ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶችም በዋናነት የሚመዝኑት ከፍተኛውን ውጤት ነው።

እናትሽ «የኔ ጠበቃ» የሚሉሽ በኩራት ነው፤ ምን ያህል እንደሚከብድሽ ግን የነገራቸው ያለ አይመስለኝም። በአንዱ የዕረፍት ማታ እንዲህ በያቸው፦ «እማዬ፣ እንዲህ ስትዪኝ ደስ ይለኛል፤ አሁን ግን ደክሞኛል። ሰው ስለ ፈተናው ሲጠይቅ ‹ሲያልቅ እሷው ትነግራችኋለች› በዪልኝ።» ይህንን ሥራ ስትሰጫቸው ከጭንቀትሽ ውጭ አይሆኑም፣ አጋርሽ ይሆናሉ። ዕድሩንም እሳቸው ይችሉታል።

በመጨረሻው ሳምንት ሙሉ ፈተና የለም። በዚያ ሳምንት የሚወርድ ውጤት የሚያስተካክሉበት ጊዜ የለውም፤ ፍርሃት ብቻ ነው የሚተርፈው። ደብተርሽን አንብቢ፣ ቀለል ያሉ ጥያቄዎች በቀን ግማሽ ሰዓት ሥሪ። ከአራቱ ክፍሎች ውጭ ለብቻው የሚሠራውን የጽሑፍ ክፍል አትርሺ፤ 15 ደቂቃ ማሰቢያ፣ 35 ደቂቃ መጻፊያ አለው፤ ከፈተናው ስምንት ቀን በፊት ይከፈታል። አይታረምም፣ ግን እሱን ያልጻፈ ሰው ውጤቱ አይለቀቅለትም፤ ቀደም ብለሽ ተገላገዪው። በዕለቱ የተሳሳተ መልስ ነጥብ አያስቀንስም፤ አንድም ጥያቄ ባዶ አትተዪ። አንድ ጥያቄ ሁለት ደቂቃ ካለፈ ገምተሽ፣ ምልክት አድርገሽ እለፊው። ረጃጅሞቹን የክርክር ማመሳሰያ ጥያቄዎች ወደ መጨረሻ አቆዪያቸው።

ነገ ማታ ከሥራ ስትመለሺ ላፕቶፑ ቦርሳው ውስጥ ይደር። የሁለቱን ቅዳሜዎች ውጤት፣ በሰዓት የሠራሽውንም በዕርጋታ የሠራሽውንም፣ ስትይዢ ጻፊልኝ፤ ቀኑን አብረን እናያለን።